ሞገድ ያለበት ገበር

አዴ ሀዋ ካባውን ከሳጥን አውጥተው ለናዝራዊት ሲያስረክቡ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከልጃቸው ኒካ በፊት እንዲመለስ።

«ኒካው እሑድ ነው» አሉ፣ ካባውን በንጹሕ አንሶላ እየጠቀለሉ። «ቅዳሜ እጄ እንዲገባ። ወንድሜ ሸኩር ካባው ከቤት መውጣቱን አያውቅም። ካወቀ ከኔ ጋር መነጋገሩንም ይተዋል።»

«ቅዳሜ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ አዴ ሀዋ» አለች ናዝራዊት።

ያኔ ከአጋሮ ጅማ ሚኒባስ እንደ ልብ ነበር። ቃሏን ስትሰጥ የሚከብድ ነገር አልመሰላትም።

ናዝራዊት ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የልብስ ስፌትና ዲዛይን አስተማሪ ናት። ደብረ ብርሃን ተወልዳ አድጋ፣ ለሥራ ጅማ መጥታ፣ ቦሳ ኪቶ ቤት ተከራይታ እዚያው ቀረች። የምታስተምረው የዘመኑን ፋሽን ነው፤ ልቧ ያለው ግን አሮጌ ልብስ ላይ ነው። ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ስትሄድ ዓይኗ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ፎቶዎች ላይ ይቀራል። የሟች አባት ኮት ኮሌታው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ወገቡ የት ላይ እንደታሰረ ታያለች፤ ከዚያ ተነስታ ዘመኑን ትገምታለች። ጓደኞቿ ይስቁባታል። እሷ ግን ሰው ለመታየት ብሎ የለበሰው ልብስ ከአፉ የማይወጣውን ይናገራል ብላ ታምናለች።

ይህን ፍቅሯን ያባሰችባት ሚዶሪ ናት። ሚዶሪ ከጃፓን በበጎ ፈቃደኝነት መጥታ እዚያው ክፍል አብራት ያስተማረች ዝምተኛ ሴት ነበረች። አገሯ ልትመለስ ስትል ለናዝራዊት ከቅድመ አያቷ የወረደ አንድ ሥዕል ሰጠቻት። በእንጨት ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋው ሥዕል ነው። ጠርዙን ብል በልቶታል፤ መሐሉ ግን ትናንት የታተመ ይመስላል።

በሥዕሉ ላይ አንዲት ሴት በነፋስ ድልድይ ትሻገራለች። አንገቷን ወደ ኋላ መልሳለች። የኪሞኖዋን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛለች፤ ነፋሱ ገልጦት ከሥሩ ያለው ልብስ፣ ከዚያም ሥር ያለው ሌላ ልብስ ይታያል። ኪሞኖው ሰማያዊ ነው፤ ከታች ደማቅ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ የሚሄድ ሰማያዊ። ጠርዙ ላይ የባሕር ሞገድ ተደርድሯል፤ ግማሽ ክብ በግማሽ ክብ ላይ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት።

«ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው እንጨት ይቀረጽለታል» ብላት ነበር ሚዶሪ። «ሠዓሊው ይስላል፤ ቀራጩ ይቀርጻል፤ አታሚው ቀለሙን እንጨቱ ላይ ቀብቶ ወረቀቱን ከላይ ያሸዋል። አንዱ እንጨት የፀጉር ያህል ቢዛነፍ ሁሉም ይበላሻል።» የዚያ ዘመን ሴቶች እነዚህን ሥዕሎች እያዩ ዘንድሮ ምን እንደሚለበስ፣ መቀነት እንዴት እንደሚታሰር ይማሩ እንደነበርም ነግራታለች። በመጨረሻም አስጠነቀቀቻት፤ «ውሃ ብቻ እንዳይነካው። ሰማያዊው ከአበባ የተቀመመ ነው፤ ውሃ ካገኘው ይሄዳል።»

ናዝራዊት ወፍራም የፒቪሲ ቧንቧ አስቆርጣ ክዳን አሠራችለት። ሥዕሉ ከዚያ የሚወጣው ለተማሪዎቿ ስታሳይ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ዘርግታው ስለ ልብስ አደራረብ ስታስረዳ፣ አያንቱ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

«ቲቸር፣ ይሄ ሞገድ እኛ ቤት አለ» አለች።

«የት?»

«የአያቴ ካባ ውስጥ። ገበሩ ላይ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረው አጋሮ ሄዱ። የአያንቱ እናት አዴ ሀዋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከተማው ዳር ቡና ያላቸው ሴት ናቸው። ካባውን አልጋ ላይ ዘረጉላት። ውጩ ጥቁር ከፋይ ነው፤ ደረቱና እጅጌው በብር ክር ተጠልፏል። አዴ ሀዋ ገልበጥ አደረጉት። ገበሩ ሐር ነው፤ ሰማያዊ ሞገድ፣ በሞገዱ ላይ አንገታቸውን ዘርግተው የሚበሩ ነጫጭ ወፎች።

«አባቴ ለእናቴ ሲያሠራው ከጅማ ገበያ፣ ከአንድ ዓረብ ነጋዴ ነው ጨርቁን ያመጣው» አሉ አዴ ሀዋ። «ከጣሊያን በፊት ነው። እኛ የህንድ ነው እያልን ነው ያደግነው።»

«የጃፓን ነው» አለች ናዝራዊት። ከቧንቧው ሥዕሉን አውጥታ ከገበሩ ጎን አስቀመጠችው። አዴ ሀዋ ጎንበስ ብለው አንዱን ካንዱ እያስተያዩ ብዙ ቆዩ።

«ታዲያ ለምን ውስጥ አደረጉት? እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይታይም?»

«እነሱም አገር እንዲህ ያደርጋሉ፣ አዴ ሀዋ። ሀብታም ነጋዴ ከላይ ጥቁር ለብሶ ውበቱን ገበሩ ላይ ይደብቀዋል።»

አዴ ሀዋ ፈገግ አሉ። «አባቴም እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበር።»

የኤግዚቢሽኑ ሐሳብ የመጣው ያን ቀን ነው። የጅማና የአካባቢዋ ነባር ልብስ ከጃፓኑ ሥዕል ጋር ጎን ለጎን በኮሌጁ አዳራሽ እንዲታይ ናዝራዊት አስፈቀደች። አዴ ሀዋም ከብዙ ማመንታት በኋላ ካባውን ሰጧት። ያመነቱት በወንድማቸው በሸኩር ምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ ከከተማ የመጡ ሰዎች ለትርኢት ነው ብለው የአባታቸውን በርኖስና የብር አፎት ያለው ጎራዴ ወስደው ነበር። ሸኩር ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ዕቃውን ተሸክመው መኪናው ላይ የጫኑት እሳቸው ናቸው። አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ለከተማ ሰው መርፌም አያውሱም። የአያንቱ አባት ስለሌለ ደግሞ ለኒካው ወልይ ሆነው፣ በአባት ቦታ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው።

መስከረም 2009 ሊያልቅ ሲል ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠ። ከቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል የመጣው መርዶ አገሩን አናወጠው። ጅማም ሱቅ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ከሂርማታ ሰፈር በኩል ተኩስ ተሰማ። ኤግዚቢሽኑ ለአንድ ቀን ሊከፈት የነበረው ዓርብ ነበር። ዓርብ ዕለት ማንም ከቤቱ አልወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ናዝራዊት ኮሌጁ በር ላይ ደረሰች። ግቢው ውስጥ የወታደር መኪና ቆሟል። ወታደሮች የአዳራሹን ወንበሮች እያወጡ ፍራሽ ያስገባሉ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ወልደሰማያት በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ምንም ዕቃ አይወጣም» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው።

«የሰው አደራ ነው፣ ጋሼ። ዛሬ መመለስ አለበት።»

«ታዝዣለሁ፣ ልጄ። ሰኞ ነይ።»

«ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ምን ይተርፋል?»

አቶ ወልደሰማያት ዞር ብለው አዩ። አንድ ወታደር ካባው ያለበትን መደርደሪያ በእግሩ ገፋ አድርጎ ለፍራሹ ቦታ ያስለቅቃል። ሽማግሌው ተነሱ፤ በጎን በር አስገቧት። ካባውን በአንሶላው ጠቅልላ፣ በላዩ ወፍራም ላስቲክ አድርጋ በገመድ አሰረችው። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ ቧንቧው ውስጥ ከተተች። ቤት ወስዳ ልታስቀምጠው አስባ ነበር፤ ግን ወደ ቦሳ ኪቶ የሚወስደው መንገድ ከኋላዋ ተዘግቷል። የዚያኑ ጊዜ ስልኳ ጮኸ።

«ናዝሬ» አሉ አዴ ሀዋ፤ ድምፃቸው ተለውጧል። «የት ነሽ? ነገሩ አላምር ስላለ ኒካውን ለዛሬ አደረጉት፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ። ሸኩር ካባውን አውጪ አለኝ። ሳጥኑን ራሱ ከፈተው።»

«ምን አሉ?»

«እናቴ የለበሰችው፣ አንቺ የለበስሽው ሳይኖር ልጅ ከዚህ ቤት አትወጣም፤ ወልይ ሆኜም አልቀመጥም አለ። የወንድየው ቤተሰብ መንገድ ላይ ናቸው።»

«እመጣለሁ» አለች ናዝራዊት። ስልኩ ተቋረጠ። መልሳ ብትሞክር ኔትወርክ የለም።

መናኸሪያው ባዶ ነበር። አጋሮ ቡና ለመጫን ባዶውን የሚሄድ አንድ አይሱዙ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘች። ሹፌሩ መሐሙድ ይባላል፤ ጫት ጉንጩ ውስጥ ወጥሮ መሪው ላይ ተደግፏል።

«ሴት ይዤ መንገድ ላይ መቆም አልፈልግም፣ እህቴ» አለ።

«ሰርግ ነው፣ ወንድሜ። ሙሽራዋ የምትለብሰውን ነው የያዝኩት።»

መሐሙድ የያዘችውን ጥቅል አየ፣ ቧንቧውን አየ። «ይህን ቧንቧ ግን አልወደድኩትም» አለና በሩን ከፈተላት።

እውነቱን ነበር። ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አስቆሟቸው። የፌዴራል ወታደሩ ገና ቧንቧውን እንዳየ ወደ ኋላ አፈግፍጎ መሣሪያውን አዞረባት።

«ውረጂ። መሬት ላይ አስቀምጪው። ቀስ ብለሽ።»

ናዝራዊት አስቀመጠችው። ክዳኑ ጠብቆ አልከፈት አላት። ወታደሩ ራቅ ብሎ ቆሞ «ክፈቺው!» ይላል፤ መሐሙድ እጁን አንስቶ መኪናው ጎን ቆሟል። በመጨረሻ ክዳኑ ወጣ። ወረቀቱን ስባ ዘረጋችው።

ወታደሩ ቀረበ። ድልድይ የምትሻገረዋን ሴት ብዙ አያት። ጥጉ ላይ ወዳለው ጽሑፍ ጠቆመ።

«ይሄ ምን ይላል?»

«የሠዓሊው ስም ነው። ጃፓንኛ ነው።»

«ጃፓንኛ ታነቢያለሽ?»

«አላነብም።»

«ታዲያ ስም መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የሰጠችኝ ጓደኛዬ ነግራኝ ነው» አለች።

ወታደሩ ወጣት ነው፤ ሌሊቱን ያልተኛ ይመስላል። ሥዕሉን በመሣሪያው አፍ ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየ። ከዚያ ቧንቧውን በእግሩ አንከባሎ ወደ ኬላው ጎን ሰደደው። «ወረቀቱን ያዢ። ይሄ እዚህ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ሌላ ቦታ ብትታዪ አይጠይቁሽም፤ ይተኩሱብሻል።»

ናዝራዊት ሥዕሉን ጠቅልላ ከካባው ጋር ላስቲኩ ውስጥ አስገባችው። ይቡ ከተማን አለፉ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎች ላይ ማንም አይታይም። ሰማዩ ከአጋሮ በኩል ጠቁሯል።

አጋሮ ሊቃረቡ ሲሉ መንገዱ ላይ ትላልቅ የግራቪሊያ ግንዶች ተጋድመዋል። መሐሙድ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። «ከዚህ በኋላ በእግር ነው። እኔ መኪናዬን አላስቃጥልም» አለ። ትንሽ አመነታና «አፉ በይኝ» ብሎ መኪናውን ወደ ኋላ አዞረ።

ግንዱን ስትሻገር ከቡናው ውስጥ ወጣቶች ወጡ። ዱላ የያዘ አለ፤ አንደኛው ገጀራ ይዟል። ፊት የመጣው ረዘም ያለ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰ ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ ዋቅጋሪ እያሉ ይጠሩታል።

«ኤሳ ዴምታ?» አላት፤ ወዴት ትሄጃለሽ ማለቱ ነው።

«አጋሮ። ሚስሮ ቤት» አለች። ሙሽራ ቤት። የገበያ ኦሮምኛዋ ከዚያ አላለፈም።

«መታወቂያ።»

ሰጠችው። ዋቅጋሪ አነበበው፤ ብሔር የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ዓይኑ መቆሙን አየች። ለጓደኞቹ ጮክ ብሎ አላነበበላቸውም። ገጀራ የያዘው ግን አልጠበቀም፤ ጥቅሉን ከእጇ ነጥቆ ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ተረተረው። አንሶላው ተገለጠ። የብር ክሩ አበራ።

«ቅርስ ነው!» አለ። «ከኛ ሰው የተሰረቀ ቅርስ ነው። ይቺ ሌባ ናት።»

ከበቧት። ብትሮጥ የትም አትደርስም።

«የአዴ ሀዋ ነው» አለች። «የጋሽ ሸኩር እህት። ልጃቸው አያንቱ ዛሬ ኒካ አላት። ካባውን የተዋስኩት እኔ ነኝ፤ እየመለስኩ ነው።»

«የሸኩርን ስም ገበያ ላይም ትሰሚዋለሽ» አለ ገጀራ የያዘው።

«ግራ እጅጌውን እዩ» አለች ወደ ዋቅጋሪ ዞራ። «ከውስጥ በኩል የተቃጠለ ቦታ አለ። አዴ ሀዋ ሙሽራ ሆነው የገቡ ቀን አማታቸው ፊታቸውን ለማየት ፋኖስ ሲያስጠጉ ነው ያቃጠሉት። እስከ ዛሬ ሲያወሩት ይስቃሉ።»

ዋቅጋሪ እጅጌውን ገለበጠው። ጣቱን የተቃጠለው ቦታ ላይ አድርጎ ቆየ።

«የሰረቀም ሰው ቀዳዳውን ያያል» አለ ባለገጀራው።

«እኔ አደርሰዋለሁ» አለ ዋቅጋሪ። «አንቺ ወደ ጅማ ተመለሽ።»

«አይሆንም። ከእጃቸው የተቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«አታምኚንም?»

«እናንተስ እኔን ታምኑኛላችሁ?»

ከኋላ የነበረ አንድ ልጅ ሳቀ። ዋቅጋሪ አልሳቀም። መታወቂያዋን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «አብረን እንሄዳለን» አለ። «ውሸት ከሆነ እዚያው እንተያያለን።»

ዋቅጋሪ ከጎኗ፣ ባለገጀራው ከኋላ ሆነው ጉዞ ጀመሩ። ጠባቂ ይሁኑ አሳሪ አላወቀችም። ከመንገዱ ወጥተው በቡና ውስጥ በሚያልፍ አቋራጭ ይዘዋት ገቡ። ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋለች። የተረተረው ላስቲክ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል።

ዝናቡ የጀመረው እዚያ ነው። መጀመሪያ የቡናው ቅጠል ላይ ተንጫጫ፤ ከዚያ እንደ ባልዲ ወረደ። ናዝራዊት ከአንድ ዛፍ ሥር ተንበርክካ ጥቅሉን ፈታችው። ላስቲኩን ብታጥፈው፣ ያልተቀደደው ክፍል ካባውን ብቻ ይሸፍናል። ሥዕሉ አብሮ ከገባ ጥቅሉ ይወፍርና ጫፉ አይገጥምም። ውሃ በዚያ ከገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥዕሉን ነው፤ የሥዕሉ ሰማያዊ ለቆ የሐሩ ነጫጭ ወፎች ላይ ይፈሳል።

ሥዕሉን አወጣችው። ካባውን በአንሶላው፣ አንሶላውን በደህናው ላስቲክ፣ ላስቲኩን በገመዱ አጥብቃ አሰረች። ወረቀቱን ሹራቧ ውስጥ ከሸሚዟ ጋር ለጠፈችው። ሹራቡ ገና ከዛፉ ሥር ሳይወጡ ረጥቦ ነበር።

እየሄዱ ሳለ ደረቷ ላይ ቅዝቃዜ ሲሰማት ምን እንደሆነ አወቀች። አላየችም። ዋቅጋሪ ግን አየ። ከሹራቧ ሥር ሰማያዊ ውሃ በሸሚዟ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል።

«ወረቀቱ እየጠፋ ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ከዚያኛው ጋር አታደርጊውም ነበር?»

«ይሄ የኔ ነው» አለች። «ያ አደራ ነው።»

ዋቅጋሪ ትንሽ ከሄዱ በኋላ ጥቅሉን ልያዝልሽ አላት። እምቢ አለች። ቀይ ሹራቡን አውልቆ ጥቅሉ ላይ ጣል አደረገ። ባለገጀራው ይህን ሲያይ ምራቁን ተፋና ወደ ኋላ ቀረ፤ ዞር ስትል አልነበረም።

አዴ ሀዋ ግቢ የተጣለው ዳስ ሥር ወንዶቹ ተቀምጠዋል። ዙሁር አልፏል። የወንድየው ወገኖች አንድ ጥግ፣ የሴቷ ወገኖች ሌላ ጥግ ናቸው። ኒካውን የሚያስሩት ሸህ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ጋሽ ሸኩር ከሁሉም ተለይተው ደጁ ላይ ቆመዋል፤ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጺማቸው በሂና ቀልቷል። አዴ ሀዋ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቀው ነበር። ናዝራዊትን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጋሽ ሸኩር መጀመሪያ የተናገሩት ከዋቅጋሪ ጋር ነው፤ በኦሮምኛ፣ ዝግ ብለው። ዋቅጋሪ መታወቂያዋን ከኪሱ አውጥቶ ለእሷ መለሰላትና «ዱጋ ዱበቴ» አለ። እውነቷን ነው።

ጋሽ ሸኩር ጥቅሉን ተቀበሏት። ከዚያ ዓይናቸው ሸሚዟ ላይ አረፈ። ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሰማያዊ ሆናለች፤ እጆቿም እንደዚያው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ቀለም የምንድነው?» አሉ። «የእናቴ ሐር ነው የለቀቀው?»

«አይደለም፣ ጋሽ ሸኩር።»

«ሰማያዊ ነው። የእናቴ ሐር ሰማያዊ ነው።»

ዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩ። አንዱ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ጋሽ ሸኩር ገመዱን ለመፍታት ሞከሩ፤ ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቋል። በጥርሳቸው ፈቱት። ላስቲኩን፣ ከዚያም አንሶላውን ገለጡ። ካባውን ገልብጠው ገበሩን ወደ ብርሃን አወጡት። የነጭ ኩታቸውን ጫፍ ይዘው ሞገዱ ላይ አሹት፤ ጠበቅ አድርገው፣ ደጋግመው። ኩታውን አነሱና አዩት።

ነጭ ነው።

«የራሷ ሥዕል ነበራት» አለ ዋቅጋሪ ከጀርባ። «ለሁለቱ የሚበቃ ላስቲክ አልነበረም። የራሷን አወጣችው።»

ጋሽ ሸኩር ናዝራዊትን አዩ፤ እህታቸውን አዩ። ካባውን ለአዴ ሀዋ አስረከቡ። «ይህችን ልጅ እሳት አጠገብ አስቀምጧት» ብለው ሄዱ፤ ከሸሁ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «ቢስሚላህ» ሲሉ ድምፃቸው እስከ ውስጥ ተሰማ።

አያንቱ ካባውን ስትለብስ ናዝራዊት የአዴ ሀዋን ቀሚስ ለብሳ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። ካባው ለአያንቱ ትከሻ ሰፋ። ናዝራዊት ተነስታ ከጀርባ በኩል ኮሌታውን ወደ ኋላ ዝቅ አድርጋ፣ ወገቡን በመቀነት ያዘችላት። አያንቱ ስትራመድ ጫፉ ተገልጦ ሞገዱ ይታያል፤ ይሰወራል። የወንድየው እናት ጎንበስ ብለው ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡ። ሙሽሪት ዝናቡ ሳያባራ በባልዋ ወገኖች ጃንጥላ ሥር ወጣች።

በማግሥቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። መንገዱ እስኪከፈት ናዝራዊት አጋሮ ቆየች። የሰርጉ ዕለት ሥዕሉን ከደረቷ ስታላቅቀው ሁለት ቦታ ተቀዶ ነበር። አዴ ሀዋ ጋዜጣ መሐል አድርገው አደረቁላት። ሰማያዊው ሙሉ በሙሉ ሄዷል፤ ጥቁሩ መስመር ቀርቷል፤ ሴትየዋ ባዶ ወረቀት ለብሳ ድልድይ ትሻገራለች። ናዝራዊት ያን ቀን አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ከሳምንታት በኋላ፣ ለሚዶሪ እንዴት ብላ እንደምትነግራት ስታስብ ነው። ኤግዚቢሽኑም ቀረ፤ ኮሌጁ ሲከፈት ማንም ስለ እሱ አላነሳም።

ጋሽ ሸኩር ከእህታቸው ጋር የተነጋገሩት ናዝራዊት ልትሄድ ስትል ነው። እስከዚያ ድረስ ሲመጡ ለናዝራዊት ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ለአዴ ሀዋ አይሰጡም። የመጨረሻው ጠዋት ግን በእጃቸው አንድ የጨርቅ ጥቅል ይዘው መጡ። ደጁ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ «አካም ቡልቴ፣ ሀዋ» አሉ፤ እንዴት አደርሽ። አዴ ሀዋ ተነስተው በርጩማ አቀረቡላቸው።

ጥቅሉ ውስጥ ያረጀ የአቡጀዲ ቀሚስ ነበር፤ ጥልፍ የለው፣ ሐር የለው፤ ትከሻውና ክርኑ በሌላ ጨርቅ የተጣፈ።

«እናቴ ቡና ስትለቅም የምትለብሰው ነው» አሉ ጋሽ ሸኩር። «ሌሎቹ የክት ልብሷን ሲጠይቁ ይሄን የጠየቀኝ የለም። ከዚህ ቤት አይወጣም። ላውስም አልችልም። ግን ካወቅሽበት እዚሁ እዪው፤ ተማሪዎችሽንም ከፈለግሽ እዚህ አምጫቸው።»

ናዝራዊት ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። እራፊዎቹን ሁሉ የጣፋቸው አንድ ሰው አይደለም። አንደኛው ስፌት ቀጭንና እኩል ነው፤ ሌላው የተቻኮለ፣ ትልልቅ ነው።

«ይሄን ማን ጣፈው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሽ ሸኩርና አዴ ሀዋ ተያዩ።

«እኔ ነኝ መሰለኝ» አሉ ጋሽ ሸኩር። «እናታችን ታማ ነበር ያኔ።»

«ቤቱ ጨለመብኝ እንጂ የሌላ ሰው ስፌትም ያለበት ይመስለኛል» አለች ናዝራዊት፤ ቀሚሱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ።

ጋሽ ሸኩር ተነስተው መስኮቱን ከፈቱላት።